ዕጣው ደቡብ ኦሞ ሲወጣ፦ ሐኪሞቻችን ከየት ወዴት ነው የሚሄዱት?

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

"ሐኪሞች ለምን ሙያውን ይለቃሉ?" የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ሁለት መልሶች ይቀርባሉ። አንዱ "ደመወዙ ለምን ይበቃል?" ይላል። ሌላው "በድሃ ግብር ተምረው ከዱን" ይላል። ሁለቱም የሚይዙት እውነት አላቸው። ግን ሁለቱም ታሪኩን ከመሃል ነው የሚጀምሩት። እኔ ከጠረፉ ልጀምር። ከካንጋተን።

ካንጋተን የኛንጋቶም ወረዳ መቀመጫ ናት። በደቡብ ኦሞ፣ በኦሞ ወንዝ ዳር፣ ከኬንያና ከደቡብ ሱዳን ድንበር ብዙም ሳትርቅ። ሕዝቡ ከብት አርቢ ነው፤ ኦሞ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ መሬት ላይም ማሽላ ሲዘራ የኖረ ነው። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ወባው ከባድ ነው። እዚያ ምጥ የጠናባት እናት ቀዶ ሕክምና ካስፈለጋት ረጅሙን የቆላ መንገድ አቋርጣ ወደ ጂንካ ትወጣለች። ጂንካ ካልተቻለ ደግሞ አርባ ምንጭ ወይም ወላይታ ሶዶ አለ። መኪናው ከተገኘ፣ መንገዱ ካልተቆረጠ፣ እሷም እስከዚያ ከቆየች።

አሁን ከዚህች እናት ጫፍ ሆነን እንይ። አንድ ሐኪም አሜሪካ ሲገባ አገር "ሐኪም ኮበለለ" ይላል። ለእሷ ግን ሐኪሙ ከአገር ከመውጣቱ በፊት ሦስት ጊዜ ሄዷል። መጀመሪያ ከወረዳዋ ወደ ጂንካ፣ ከጂንካ ወደ ትልቅ ከተማ፣ ከትልቅ ከተማ ወደ አዲስ አበባ ቢሮ። ቦሌ የመጨረሻው በር ነው። እኛ የምንጮኸው የመጨረሻው በር ሲዘጋ ብቻ ነው።

ይህ መንገድ ደግሞ የዛሬ አይደለም። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ራሱ ሄዶበታል።

የመጀመሪያው ሐኪም

በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ መኮንኖች ወላጆቹ አጠገቡ የሌሉ አንድ ትንሽ ልጅ አገኙ። ይዘውት ወደ ሕንድ ሄዱ። ቻርልስ ማርቲን የሚል ስም ወጣለት፤ በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቀ። ከዚያ በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሐኪምነት አገለገለ። ከዓድዋ ድል በኋላ አገሩን ፈልጎ መጣ፤ ዘመዶቹም አወቁት። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ማለት እሳቸው ናቸው።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አገሪቱ አንድ የተማረ ሐኪም አገኘች፤ አንዱን ሐኪም ግን በሽተኛ አጠገብ አላቆየችውም። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ። ዳኛ ሆኑ። የጨርጨር ገዢ ሆኑ። ጣልያን ሲመጣ ደግሞ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። ሁሉንም በክብር ሠሩት፤ ለአገር ጠቀሙ። ነገር ግን መንግሥት ያን ጊዜ የሰጠው ትምህርት ዘመን ተሻግሮ ቀጠለ፦ ሐኪም ሲከበር ከሕክምና ይወጣል። ሹመትና ስቴቶስኮፕ በአንድ ትከሻ ላይ አልተቀመጡም።

ሁለተኛውን ምሳሌ ልጨምር። መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1935 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቆ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በጦርነቱ ጊዜ በኦጋዴን ግንባር ቁስለኛ አከመ። ከዚያ ለኢትዮጵያ ጉዳይ ሊሟገት ወደ አሜሪካ ተላከ፤ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋመ፤ በ1940 እ.ኤ.አ. እዚያው አረፈ። የእሱ መሄድ ክህደት ነው የሚል ማን አለ? አገር ራሷ ላከችው። ግን ከጥቂቶቹ ሐኪሞች አንዱ ከመርፌና ከፋሻ ተነሥቶ ወደ ንግግርና ወደ ጋዜጣ ሄደ። ጥቂት የተማረ ሰው ያለው አገር አንዱን ሰው ለአሥር ሥራ ይፈልገዋል። የሚሸነፈው ሁልጊዜ በሽተኛው ነው፤ በሽተኛ ቀጠሮ ይሰጠዋል፣ ጦርነትና ሹመት ግን ቀጠሮ አይቀበሉም።

ኦሞ ላይ የመጣው ሞት

በ1953 እና በ1954 ዓ.ም. በኦሞ ተፋሰስና በአካባቢው ቢጫ ወባ ገባ። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ አስከፊው ነበር። በኋላ የመረመሩት ባለሙያዎች 30,000 ያህል ሰው እንደሞተ ገምተዋል። ያን ጊዜ የዛሬው ደቡብ ኦሞ በገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ይባል ነበር። በመላ አገሪቱ ከነበሩት ጥቂት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ ዜጎች ነበሩ፤ አብዛኞቹም በአዲስ አበባና በጥቂት ከተሞች። ገጠሩ የሞተው ሐኪም ስለሸሸው አይደለም። መጀመሪያውኑ አልደረሰበትም።

ይህን የተረዱ ሰዎች ነበሩ። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ሐሳቡ ሐኪም ማምረት አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክ ነበር። ጤና መኮንኑ ብቻውን አይሄድም፤ ከቡድኑ ጋር ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

የሕክምና ፋኩልቲው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። አሁን ሐኪም እዚሁ አገር መመረቅ ጀመረ። ትምህርቱ ግን ወደ ላይ የሚያይ ነበር። መማሪያው የትልቅ ከተማ ሆስፒታል፣ መጽሐፉ የእንግሊዝና የአሜሪካ፣ የተመራቂው ሕልም ደግሞ ስፔሻሊቲ። ለስፔሻሊቲ ውጭ መሄድ ግድ ነበር። እንግዲህ ጎበዙን ተማሪ እየመረጥን፣ መንገዱን እያሳየን፣ ቲኬቱን እየቆረጥን ልከን ሳይመለስ ሲቀር ተገረምን።

መዝጊያው ቁልፍ

ደርግ ሲመጣ የመውጫ ቪዛ ተጠየቀ። ቀይ ሽብርና ጦርነት ሰውን ሲያባርር መንግሥት በሩን ቆለፈ። በሩ ሲቆለፍ ደግሞ አንድ ነገር ይከሰታል፦ በአጋጣሚ የወጣ ሰው አይመለስም። ቁልፉ ሁለት በኩል ይሠራልና። በጎደለው ቦታ የኩባና የምሥራቅ አውሮፓ ሐኪሞች መጡ። የጎንደር የሕክምና ትምህርት ቤት ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ተጀመረ፤ ጅማም ተከተለ። ለረጅም ጊዜ ሐኪም የሚያስመርቁት እነዚህ ሦስቱ ብቻ ነበሩ፤ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅማ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከአገር መውጣት ቀለለ። ቁልፉ ግን ቅርጹን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። አዲስ ተመራቂ ሐኪሞች በዕጣ ይመደቡ ጀመር። እጅህን ታስገባለህ፤ የወጣልህ ክልል ትሄዳለህ፤ ክልሉ ደግሞ ወደ ዞን፣ ዞኑ ወደ ወረዳ ይልክሃል። የአገልግሎት ዘመንህን ሳትጨርስ ማስረጃህን አታገኝም። ዕጣው ፍትሐዊ ነበር ሊባል ይችላል፤ የባለሥልጣን ልጅም የገበሬ ልጅም እኩል እጁን ያስገባልና።

ነገር ግን ዕጣ ምን ይላል? ዕጣ የሚጣለው ማንም በማይፈልገው ነገር ላይ ነው። በአገራችን ያጠፋ ሠራተኛ ወደ ጠረፍ ይዛወር እንደነበር ሁላችንም ከአባቶቻችን ሰምተናል። ዕጣው ደቡብ ኦሞ የወጣበት ልጅ አብሮ አደጎቹ "አይዞህ፣ ሁለት ዓመት ነው፣ ያልፋል" ብለው ሲያጽናኑት አስቡ። የሚጽናናው እስር ቤት ለሚገባ ሰው በሚሰጥ ቃል ነው። በዚያ መንፈስ የሄደ ሐኪም ቀን ይቆጥራል እንጂ ቋንቋ አይማርም። የኛንጋቶሟ እናት የምታውቀው ሐኪም ሁልጊዜ ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው ነው። በአስተርጓሚ ያናግራታል፤ ስሟን ሳይለምድ ይተካል።

በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ዓይነት መልቀቅ አየን። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በኤድንብራ ተምረው የተመለሱ፣ የሕክምና ፋኩልቲውን ካቆሙት አንዱ የነበሩ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው። ከ40 ያህል መምህራን ጋር ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባረሩ። በኋላም በፖለቲካቸው ታሰሩ፤ በ1991 ዓ.ም. ሕክምና ፍለጋ ሄደው አሜሪካ አረፉ። ስለ ፖለቲካቸው የፈለጋችሁትን አስቡ። እኔ የማነሣው አንድ ነገር ነው፦ ስንት ቀዶ ሐኪም ያስተማረ እጅ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሲወጣ፣ ያን ቀን በወረፋ የነበረውን በሽተኛ ማን ጠየቀው?

ቢሮው

"ቺካጎ ያሉት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች አገር ቤት ካሉት ይበልጣሉ" የሚለውን ሰምታችኋል። እኔም ስንት ጊዜ ደግሜዋለሁ። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ የተካሄዱ የሕዝብ ቆጠራዎችን መሠረት ያደረገ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተወለዱ 10 ሐኪሞች 3 ያህሉ ውጭ ነበሩ። በመላው አሜሪካ የተቆጠሩት ጥቂት መቶ ናቸው። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ አላቃልለውም። ግን የቀሩት 7ቱስ? እነሱ አገር ውስጥ ነበሩ። ካንጋተን ግን አልነበሩም።

የት ነበሩ? ብዙዎቹ ቢሮ ገብተዋል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለኤች.አይ.ቪ. መከላከል ፔፕፋርንና ግሎባል ፈንድን የመሰሉ ትልልቅ ገንዘቦች ወደ አገር ገቡ። ገንዘቡ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፤ ይህን የሚክድ የለም። ገንዘቡን የሚያስተዳድሩት ድርጅቶች ግን ሐኪም ፈለጉ። ሐኪሙ የሆስፒታል ደመወዙን ብዙ እጥፍ አገኘ፤ ውሎ አበል፣ ላፕቶፕ፣ ስልጠና፣ መኪና። በሽተኛ ማየት አቁሞ ስለ በሽተኞች ሪፖርት መጻፍ ጀመረ። ይህ ስደት አይባልም። ማንም በቦሌ አልሸኘውም፣ ማንም አላለቀሰም። ግን ከሙያው የወጣ ሐኪም ማለት ይህ ነው። መንግሥትም ይህን አይቶ በመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ የግል ክንፍ እንዲከፈት ፈቀደ፤ ሐኪሙ ከሥራ ሰዓት ውጭ እዚያው እየሠራ እንዲጠቀም። ለትልልቅ ከተማ ሆስፒታሎች ጠቅሟል። ከፋይ በሽተኛ በሌለበት ቆላ ግን የግል ክንፍ ምን ያደርጋል?

ጎርፉ

ከዚያ ሦስተኛው መፍትሔ መጣ፦ እየሄዱ ከሆነ አብዝተን እናምርት። እ.ኤ.አ. በ2012 ከ10 በላይ አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። በየዓመቱ በመቶዎች የነበረው ተመራቂ ወደ ሺዎች አደገ። ሐኪሙ ግን በጀት ይፈልጋል። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ታሪካችን አይቶት የማያውቀው ነገር መጣ፤ ሥራ አጥ ሐኪም። ካንጋተን "ሐኪም የለም" ትላለች፤ አዲስ አበባ ሐኪም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሥራ ይፈልጋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ዕጣው ሲቀር ተስፋው ተረፈ መሰላችሁ? በ2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጤና ባለሙያዎችን ሰብስበው አነጋገሩ፤ ስብሰባው ንዴቱን ከማብረድ ይልቅ አባባሰው፤ የሥራ ማቆም ተከተለ። ከዚያ ኮቪድ፣ ከዚያ ጦርነት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የሐኪም ደመወዝ በዶላር ሲሰላ ከ100 በታች ወረደ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ባለሙያዎቹ የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ለራሳቸው የሕክምና ዋስትና ጥያቄ ይዘው ሥራ አቆሙ። በርካቶች ታሰሩ። ሌሎችን የሚያክም ሰው ራሱ ሲታመም ለመታከም ገንዘብ እንደሌለው በአደባባይ ሲናገር መስማት ያሳፍራል። የሚያሳፍረው እሱን አይደለም።

በዓለም ላይ ብቻችንን አይደለንም። የኬንያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ጀምረው 100 ቀን ሥራ አቁመዋል። የደቡብ ኮሪያ ተለማማጅ ሐኪሞች በ2024 በሺዎች ሥራ የለቀቁት መንግሥት የሕክምና ተማሪ ቁጥር ልጨምር ስላለ ነው። ሀብታሙም አገር፣ ድሃውም አገር ከሐኪሙ ጋር ተጣልቷል። ልዩነቱ፣ ሴኡል ሐኪም ሲጠፋ ቀጠሮ ይራዘማል፤ ካንጋተን ሐኪም ሲጠፋ ሰው ይቀበራል።

እነማን ቀሩ?

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ነጥብ ልመለስ። በታሪካችን ገጠር የቀሩ ባለሙያዎች አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ተመልከቱ፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከ30,000 በላይ ሴቶች ከየአካባቢያቸው ተመልምለው፣ ሠልጥነው፣ ወደ መጡበት ቀበሌ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ጤና መኮንኖች በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሠልጥነው በየወረዳ ሆስፒታሉ እናቶችን በቀዶ ማዋለድ ጀመሩ። ሐኪሙ በሌለበት ስንት እናት በእነሱ እጅ ተርፋለች።

እዚህ ላይ ግን ሐቀኛ እንሁን። ብዙዎቹ የቀሩት ማስረጃቸው ውጭ አገር ስለማይሠራም ነው። በሩ ስለተዘጋ የቀረን ሰው "ታማኝ" ብለን ማሞገስ ቀላል ነው። እነሱም ዛሬ የእድገት መሰላል የለንም ብለው ያማርራሉ። ቁልፍ በማስረጃ ላይ ሲደረግም ቁልፍ ነው።

የጎንደሩ ኮሌጅና የኤክስቴንሽኑ ፕሮግራም ግን ከቁልፍ ሌላ ሁለት ነገር አስተምረውናል። አንደኛ፣ ሰው በቡድን ሲሄድ ይቆያል። ሐኪም ያለ ማደንዘዣ ባለሙያ፣ ያለ ደም፣ ያለ ኦክስጅን፣ ያለ መብራት ሐኪም አይደለም፤ የሞት ምስክር ነው። ሐኪምን ከሙያው የሚያባርረው የኪሱ ባዶነት ብቻ አይመስለኝም። ማዳን የሚችለውን ሰው በአንድ ጓንት፣ በአንድ ከረጢት ደም ጉድለት ሲሞት ቆሞ ማየት ነው። ኪስ በትርፍ ሥራ ይሞላል፤ ይህኛው አይሞላም።

ሁለተኛ፣ ከቦታው የተወለደ ሰው ወደ ቦታው ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ገጠር ባለሙያዎች ባወጣው ምክር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይኸው ነው፤ የገጠር ልጅ አስተምሩ። ጂንካ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት። ከኛንጋቶም፣ ከሐመር፣ ከዳሰነች፣ ከአሪ፣ ከሙርሲ ልጆች መካከል ሐኪም የሚሆኑትን ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ብንይዛቸው፣ ደቡብ ኦሞ ለእነሱ ዕጣ ሳይሆን አገር ነው። እናቶቻቸውን ያለ አስተርጓሚ ያናግራሉ።

ይህ ግን ደመወዙን አይተካም። "የአካባቢ ልጅ ስለሆነ በትንሽ ይሠራል" ብለን ካሰብን፣ አራተኛውን ቁልፍ ሠራን ማለት ነው። ጠረፍ የሚሠራ ሐኪም ከከተማው ይልቅ ብዙ ይከፈለው፤ ቤት ይሰጠው፤ አገልግሎቱን ሲጨርስ የስፔሻሊቲ ቦታው ያለ ደጅ ጥናት ይጠብቀው። ጠረፍ ቅጣት መሆኑ ይቅርና ወደ ላይ የሚወስድ መንገድ ይሁን።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ውስጥ የማርበርግ ወረርሽኝ ተከሰተ። በአገራችን የመጀመሪያው ነው። ፈቃድ ያገኘ ክትባትም መድኃኒትም የለውም። ከሞቱት መካከል በሽተኛ ሲረዱ የነበሩ የጤና ባለሙያዎች አሉ። ባልደረቦቻቸው ደመወዝና ዋስትና ጠይቀው ከታሰሩ ስድስት ወር ቢሆነው ነው። ያን ሰሞን የጂንካ ባለሙያ ቦርሳውን ይዞ ቢሄድ ማን ይፈርድበት ነበር? ብዙዎቹ ግን ቀሩ፤ የመከላከያ ልብሳቸውን ለብሰው ገቡ፤ ወረርሽኙም ተገታ።

ስለዚህ "ከዱን" የምትሉ ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በ120 ዓመት ታሪካችን ሐኪሙን በሹመት ወስደነዋል፣ በቪዛ ቆልፈነዋል፣ በዕጣ ጥለነዋል፣ በማስረጃ አስረነዋል፣ በጎርፍ ተክተነዋል። ቆይ ብለን የሚቆይበትን ነገር ግን አላዘጋጀንለትም። "ለምን ሄደ?" የሚለው ጥያቄ ለሐኪሙ ነው። "በምን ይቆይ?" የሚለው ለእኛ ነው፤ ለበጀት መዳቢውም፣ ለግብር ከፋዩም፣ ልጁን ሐኪም እንዲሆን ለሚመርቅ ወላጅም።

ካንጋተን ያለችው እናት ሁለቱንም ጥያቄ አልጠየቀችም። እሷ መኪናውን እየጠበቀች ነው።

ቸር ይግጠመን። ሐሳባችሁን ከታች አስፍሩ፤ በተለይ ጠረፍ የሠራችሁ ባለሙያዎች፣ ያቆያችሁን ወይም ያስወጣችሁን ነገር ብትጽፉልን ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ ይጠቅማል።